ክረምት ሲገባ የጎማ አየር ይቀነሳል? ከአዳማ አሽከርካሪዎች የውይይት ክር

ክሩን የከፈተው ሰው አዳማ ውስጥ ቪትዝ ይነዳል። ሰኔ ሊገባ ሲል የጻፈው ነገር ጥያቄም አቋምም ነበረበት። ክረምቱ ከመጠናከሩ በፊት የአራቱንም ጎማ አየር ከ32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ወደ 24 ማውረድ ይገባል ይላል። ጎማው ለስለስ ሲል አስፋልቱ ላይ የሚያርፈው ገጽ ይሰፋል፣ ገጹ ሲሰፋ ደግሞ ይበልጥ ይጨብጣል የሚል ነው ምክንያቱ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በክፍያ መንገዱ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ይህ ይበቃል ወይስ ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ ብሎ ጠየቀ። የተከተሉትን 27 መልሶች በተራቸው እነግራችኋለሁ። አንዳንዱን በአጭሩ አልፋለሁ፤ ጎማና ውሃ ላይ ግን እቆያለሁ፣ ክሩ የቆመው በእነሱ ላይ ነውና።

1ኛው መልስ ተስማማ። በአሸዋና በጭቃ አየር መቀነስ የታወቀ ዘዴ መሆኑን አስታውሶ፣ ዝናብም ከዚያ አይለይም አለ። ትሕትና ያለው መልስ ነበር፤ ስህተቱን ግን አጸናው።

2ኛው መልስ የመጣው የረጅም ጊዜ መካኒክ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ከሚያስታውቅ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ጋሼ እያለ ጠራቸው። ጋሼ ልጄ ብለው ጀመሩና ጭቃና ውሃ አንድ አለመሆናቸውን አስረዱ። ለስላሳ መሬት ላይ ጎማው የሚፈለግበት ሳይሰምጥ መሄድ ነው። ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ የሚፈለግበት ግን ተቃራኒው ነው፤ ውሃውን ሰንጥቆ ታች መድረስ አለበት። አየር ያነሰው ጎማ መሃሉ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፣ ውሃው እዚያ ይያዛል፣ መኪናው አስፋልቱን ለቆ ውሃ ላይ ይነሳል። ስሌቱንም አስቀመጡ። 185 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ 3 ሚሊ ሜትር ውሃ ባለበት መንገድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ በየሰከንዱ 15 ሊትር ያህል ውሃ ከፊቱ መግፋት አለበት፤ ሩቡ የጎደለ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በየሰከንዱ ማለት ነው፣ ያውም በአንድ ጎማ ብቻ። ቀጥለውም ናሳ በአውሮፕላን ጎማ ላይ አጥንቶ ያወጣውን ቀመር ጠቀሱ። የፒኤስአዩን ቁጥር ስኩዌር ሩት በ9 ስናባዛው ጎማው ውሃ ላይ የሚነሳበትን ፍጥነት በኖት (በመርከብና በአውሮፕላን የፍጥነት መለኪያ) እናገኛለን። ወደ ኪሎ ሜትር ሲመነዘር ለ32 ፒኤስአይ በሰዓት 94 ይመጣል፣ ለ24 ደግሞ 82። ጥርሱ ደህና የሆነ የመኪና ጎማ ከዚህ ሊሻል ይችላል፤ ቢሆንም አየር የቀነሰ ሰው የሚንሸራተትበትን ፍጥነት ወደ ራሱ አቀረበ እንጂ አላራቀም።

3ኛው መልስ የጋሼን ሐሳብ ወደ ተግባር አወረደው። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው፤ የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የሚሞላበት ልክ አይደለም። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። የአየሩ ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሲወርድ ጎማው 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በግንቦት ቀትር ሙቀት የተሞላ ጎማ በሐምሌ ማለዳ ማንም ሳይነካው 2 ወይም 3 ፒኤስአይ ጎድሎ ይገኛል። ክረምት ሲገባ የሚያስፈልገው መቀነስ ሳይሆን የጎደለውን መሙላት ነው ማለት ነው። ረጅም መንገድ ተሂዶ የጋለ ጎማ ላይ ከልክ በላይ አየር ቢታይ እንዳይተነፈስም አስጠነቀቀ፤ ሲበርድ ጎድሎ ይገኛልና።

4ኛው መልስ ወደ ጥርስ ገባ። በጎማው ጥርሶች መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ፣ በየተወሰነ ርቀት ከፍ ብለው የሚታዩ ትንንሽ ድልድዮች አሉ። ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፤ ጎማው አልቋል። ለዝናብ ግን እስከዚያ መጠበቅ የለበትም፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጥርስ ውሃ የማስወጣት አቅሙ በግልጽ ይደክማል። ያገለገለ ጎማ የሚገዙ ሰዎች ጥርስ ብቻ አይተው እንዳይሸወዱም መከረ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው 10 ዓመት የሞላው ጎማ ላስቲኩ ደርቋል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ እንደ ፕላስቲክ ይንሸራተታል። የአዳማ የበጋ ፀሐይ ይህን ያፋጥነዋል።

ክሩ መሞቅ የጀመረው ከ5ኛው ነው። አንዱ እግረ መንገዱን፣ ገንዘብ ያጠረው ሰው ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ቢገዛ ከኋላ ይግጠማቸው አለ። 6ኛው ይህን ሲያነብ ቱግ አለ። መሪው ፊት፣ የሞተሩ ጉልበት ፊት፣ የፍሬኑም ትልቁ ሸክም ፊት ሆኖ አዲስ ጎማ ኋላ ማሰር ሰውን ገደል መክተት ነው፣ የማታውቁትን አትምከሩ ሲል ጻፈ። ጋሼ በ7ኛው መልስ ተመለሱ፤ ሳይቆጡ ግን አንድ በአንድ። የፊት ጎማ ውሃ ላይ ሲነሳ መሪው እጅ ላይ ቅልል ይላል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሾፌሩ ስለሚሰማው እግሩን ከነዳጅ ያነሳል፣ ፊቱ ይመለሳል። የኋላው ሲነሳ ግን መሪ ላይ የሚሰማ ነገር የለም፤ ሲታወቅ መኪናው ዞሮ ጎኑን ለመጪው ሰጥቷል። ለዚህ ነው የተሻለው ጥርስ ኋላ የሚታሰረው፣ የፊት ጎማ በሚጎትት መኪናም ጭምር። 8ኛው የ6ኛውን ወገን ይዞ ፍሬን ሲረገጥ ክብደቱ ወደ ፊት እንደሚመጣ አነሳ። እውነቱን ነው፤ ግን መኪናው ቶሎ ይቆማል ወይ እና ሳይዞር ይሄዳል ወይ የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን አላየም። 9ኛው ክርክሩን ከሥሩ የሚነቅል ነገር አመጣ። በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር የፊትና የኋላ ጎማ ቦታ ከተለዋወጠ አራቱም እኩል ያልቃሉ፣ አራቱም አብረው ይቀየራሉ፣ ማን ፊት ማን ኋላ የሚለው ጥያቄም አይነሳም። 6ኛው ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አልጻፈም።

10ኛው ወደ ጎን ወጣ፤ የጎሚስታ መለኪያዎች እርስ በርስ እንደማይስማሙ፣ አንዱ ጋ 32 ያለው ሌላው ጋ 28 እንደሚል ነገረን። መፍትሔው የራስን ትንሽ መለኪያ ገዝቶ ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በባር የሚያነብ ለገጠመው ደግሞ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ መሆኑን አከለ። 11ኛው የአየር መሙያው ጫፍ ላይ የምትገጠመዋን ቆብ እንዳንረሳ ጠየቀ፤ ጭቃ ገብቶ ቫልቩን በትንሹ ያፈሰዋል።

12ኛው መልስ ሁላችንንም ወደ መስታወት መለሰን። በአዳማ የዝናብ መጥረጊያ የሚሞተው ክረምት ሳይሆን በበጋ ነው፤ ስምንት ወር ፀሐይ ላይ ተጣብቆ ሲከርም ላስቲኩ ይሰነጠቃል። በመጀመሪያው ዝናብ ቀን ያየነው ቅስት ቅስት መስመር ከዚያ የመጣ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ በጣት ዳሶ፣ ጠርዙ ከሻከረ መቀየር ነው። አቧራ የለበሰ መስታወት ላይ ደረቁን መጥረጊያ ማስነሳት አሸዋ ወረቀት እንደመሳብ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ ይረጭ። የመርጫው ዕቃ ውስጥ የሚደረገው ውሃ ላይ ትንሽ የመስታወት ሳሙና ይጨመር፤ ከከባድ መኪና ጎማ የሚረጨው ጭቃ ናፍጣና ዘይት ስላለበት ንጹህ ውሃ ብቻውን ያሰፋዋል እንጂ አያነሳውም።

13ኛው ስለ ጉም ጠየቀ፤ በዝናብ ወቅት አምስት ሰው የጫነ መኪና መስታወቱ ከውስጥ ይታፈናል፣ ምን ይደረግ? ሁለት መልስ መጣ። 14ኛው ትምባሆ መቀባት አለ። 15ኛው ትምባሆውን ሳይንቅ ምክንያቱን አስረዳ። ጉሙ የሰው ትንፋሽና የእርጥብ ልብስ ውሃ ነው፤ ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ ይጤዛል። ስለዚህ ውሃውን ከአየሩ ማውጣት ነው ያለብን። ኤሲውን ማብራት፣ ሙቀቱን መሃል ወይም ሞቅ ወዳለው ማድረግ፣ ነፋሱን ወደ ፊት መስታወት መላክ፣ የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ ማጥፋት። ኤሲ ለማቀዝቀዝ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አየሩን የሚያደርቀውም እሱ ነው። ነዳጅ ይበላል ብሎ አጥፍቶ በእጅ መዳፍ መስታወት የሚጠርግ ሾፌር ሁለት ነገር ያጣል፤ አንድ እጁ መሪውን ይለቃል፣ መዳፉ የተወው ቅባት ደግሞ ማታ የመጪውን መኪና መብራት ይበትነዋል።

ከ16ኛው እስከ 18ኛው ያለው የክሩ መራራ ክፍል ነው። 16ኛው በክፍያ መንገዱ ላይ ዝናብ ሲከብድ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ መንዳትን መከረ፣ ለመታየት። 17ኛው ቃል አልቆጠበም፤ ይህ ልማድ ሰው የሚያጋጭ ነው አለ። አራቱም ፍሬቻ የሚበራው ለቆመ መኪና ነው። እየሄደ ያበራ ሰው ወደ ግራ ሊወጣ መሆኑን ማሳየት አይችልም፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ቆሟል ወይስ ይሄዳል የሚለውን ለመለየት ሁለት ሰከንድ ያባክናል፤ በሰዓት 100 ላይ ሁለት ሰከንድ 55 ሜትር ነው። ለመታየት የሚበራው አጭር መብራት ነው። 18ኛው አነጋገሩ ቢለሰልስም ፍርዱ ከ17ኛው ጋር ነበር፣ የእኔም ከእነሱ ጋር ነው። አንድ ጠቃሚ ነገርም ጨመረ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ቀን ላይ በራሱ የሚበራው የፊት መብራት ብቻ ነው፣ ኋላው ጨለማ ይሆናል፤ ማብሪያውን በእጅ ካላዞሩት ከኋላ የሚመጣ አያያችሁም። ረጅም መብራት ደግሞ በከባድ ዝናብና በጉም የውሃው ነጠብጣብ ላይ ነጥሮ ወደ ራስ ዓይን ይመለሳል።

19ኛው መልስ ከርዝመቱ የተነሳ ሰዎች ሊዘሉት ቢችሉም ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የክፍያ መንገድ በየአቅጣጫው ሦስት መስመር አለው፣ ጣሪያው ፍጥነት 120 ነው፤ ያ ቁጥር ግን የደረቅ ቀን ቁጥር ነው። እርጥብ አስፋልት የመጨበጥ አቅሙ 0.4 ነው ብለን ብንይዝ፣ በ100 የሚሄድ መኪና ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ባለው አንድ ሰከንድ ተኩል 42 ሜትር ይሄዳል፣ ከረገጠ በኋላ ለመቆም 98 ሜትር ይፈልጋል፤ በጠቅላላው 140። በ80 ይኸው ድምር ወደ 96 ሜትር ይወርዳል። 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀንሶ 44 ሜትር ማትረፍ ነው። ከፊት ካለው ጋር ያለውን ርቀት በሰከንድ መቁጠር ይቀላል፦ የፊተኛው አንድ ምልክት ሲያልፍ ጀምሮ ቀስ ብሎ እስከ አራት መቁጠር፣ ከአራት በፊት ከደረሱ ቀርበዋል። ቀጥሎ የአዳማን ልዩ ጠባይ አነሳ። ከተማችን ዙሪያዋ ኮረብታ ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ተቆርጦ ከወጣ ተራራ መሃል ወደ ሜዳ ሲወጣ፣ ወይም ረጅም ተሳቢ አልፎ ከጎኑ ሲወጣ፣ የታገደው ንፋስ በአንድ ጊዜ ይመታል። ባዶ አይሱዙና ጣራው ላይ ዕቃ የጫነ ሚኒባስ የበለጠ ይገፋሉ። ሁለት እጅ መሪው ላይ፣ ፍጥነት ቀድሞ መቀነስ፤ ሲመታ መሪውን በኃይል አለመመለስ። ክሩዝ ኮንትሮል (ፍጥነትን በራሱ የሚይዘው) በዝናብ አይበራም፤ ጎማው ውሃ ላይ ሲነሳ መኪናው ፍጥነቱን ጠብቆ ሊሄድ ይሞክራል። መሪው በድንገት ከቀለለ ወይም የሞተሩ ድምፅ ያለ ምክንያት ከጨመረ ጎማው ተነስቷል ማለት ነው። እግርን ከነዳጅ በዝግታ ማንሳት፣ ፍሬን አለመንካት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መጠበቅ፤ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ጎማው ይመለሳል።

በዚሁ መልስ መጨረሻ የተነሳው ነገር ደግሞ ለከተማው ነጂ ነው። ከወራት ድርቀት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ካፊያ ከከባዱ ዝናብ ይከፋል። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች በየመቆሚያውና በየአደባባዩ ያንጠባጠቡት ዘይትና ናፍጣ ከአቧራው ጋር ተጋግሮ ይቆያል። ካፊያው ይፈታዋል፣ ግን አጥቦ አይወስደውም። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አደባባይ ላይ እንደ ሳሙና ነው። ጎርፍ ከኮረብታ ይዞት የሚወርደው አሸዋና ደለልም ዝናቡ ካባራ በኋላ አስፋልቱ ላይ ይቀራል፤ ሰው ዝናቡ ቆመ ብሎ ሲፈጥን የሚንሸራተተው እዚያ ላይ ነው።

20ኛው ጎርፍ በሞላው መንገድ እንዴት ይታለፋል አለ። በ21ኛው ጋሼ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። መጀመሪያ ያሉት አለማለፍን ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ የአብዛኛውን አነስተኛ መኪና ሆድ ይነካል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ብዙ ትንንሽ መኪኖችን ማንሳፈፍ ይጀምራል፣ 60 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ፒክአፑንም ይወስዳል። የጠርዝ ድንጋዩ ካልታየ ቦዩም አይታይም፣ ክዳኑ የተነሳ ጉድጓድም አይታይም። ማለፍ ግድ ከሆነ የመንገዱን መሃል መያዝ፤ አስፋልት መሃሉ ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው። አንደኛ ማርሽ፣ የእግረኛ ፍጥነት፣ እኩል ነዳጅ፤ መሃል ላይ ማርሽ አለመቀየር፣ አለመቆም። ከፊት ከባድ መኪና እየመጣ ከሆነ እሱ እስኪያልፍ መጠበቅ፤ የሚገፋው ማዕበል ከቪትዝ መብራት በላይ ይወጣል። ከውሃው ሲወጡ እየሄዱ ፍሬኑን ደጋግሞ በለሆሳስ መንካት ሸራና ፓዱን ያደርቃል፤ የኋላ ታምቡር (የፍሬን ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት) ውሃ ከያዘ ቶሎ አይለቅም።

22ኛው፣ ውሃ ሞተር የሚያጠፋው በማርሚታ (በጭስ መውጫው) ገብቶ ነው አለ። ጋሼ አረሙት። ሞተሩ እየሠራ ጭሱ ውሃውን ይገፋዋል፤ አደጋው የአየር ማጣሪያው አፍ ነው፣ እሱ ደግሞ በብዙ መኪኖች ከፊት መብራቱ ኋላ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በዚያ የገባ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ይደርሳል፣ ውሃ አይጨመቅም፣ ፒስተኑ ሲወጣ ቢየላው (ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ) ይጣመማል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ የጠፋ መኪና ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) እንደገና አይመታም፤ ብዙ ሞተር የሚሰበረው በሁለተኛው ሙከራ ነው። ቁልፉን መዝጋት፣ ገፍቶ ማውጣት፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት። ማጣሪያው ደረቅ ከሆነ ተስፋ አለ። ከራሰ ካንዴላዎቹን (ነዳጁን የሚለኩሱትን) ሁሉ መፍታት፣ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ መንቀል፣ ሞተሩን መጀመሪያ በቺያቬ (በመፍቻ) በእጅ ማዞር፣ ከዞረ ባትሪውን መልሶ አስሮ ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ እየመቱ ውሃውን በካንዴላው ቀዳዳ ማስተፋት። በናፍጣ መኪና ኢንጀክተሩን ወይም የማሞቂያውን ካንዴላ መፍታት ግድ ነው፤ ግፊቱ ከቤንዚን በጣም ስለሚበልጥ ትንሽ ውሃም ይበቃዋል። የዘይቱ ዘንግ ሲሳብ ማኪያቶ የሚመስል ነገር ከታየ ዘይትና ፊልትሮው ይቀየራል፣ ጥቂት ከሠራ በኋላ ደግሞ ይደገማል። የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እና የዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው) ዘይትም ይታይ፤ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በመተንፈሻው ውሃ ይስባል፣ ድምፁ የሚሰማው ከወር በኋላ ነው።

23ኛው ከሚኒሶታ የጻፈ ወገናችን ነው። የዚያን አገር ክረምት ዘረዘረ፦ ከ7 ዲግሪ በታች ተራ ጎማ ስለሚደርቅ ልዩ የክረምት ጎማ ይታሰራል፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪ ግማሽ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ ድልድይ ከመንገዱ ቀድሞ በረዶ ይይዛል፣ ራዲያተር ውስጥ የማይረጋ ፈሳሽ ግድ ነው። 24ኛው አዳማ ላይ በረዶ የለም፣ ጊዜያችንን አታባክን ሲል ሸነቆጠው። መልሱ የማይገባው ነበር፤ ሰውየው ካነሳው አንዱ እኛንም ይነካናልና። 25ኛው ያንን አነሳ። ያ የማይረጋ ፈሳሽ፣ ማለትም ኩላንት፣ ለበረዶ ብቻ የሚመስለው ሰው ራዲያተሩን በቧንቧ ውሃ ይሞላል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ስላለች ተራ ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተሩ የሥራ ሙቀት ደግሞ ከ90 ብዙም አይርቅም። የሚያድነን የራዲያተር ክዳኑ ግፊትና ኩላንቱ ነው፤ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ሲሆን መፍሊያው ከፍ ይላል፣ ዝገትም ይከለክላል። የቧንቧ ውሃ ጨው ቀጭኑን ቱቦ ይደፍናል። ጎርፍ ያመጣው ጭቃና ገለባ የራዲያተሩን ፊት ሲሸፍን ሙቀቱ ይጨምራል፣ እሱን ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ ውሃ ማጠብ ነው፤ ክዳኑን ግን በጋለ ሞተር መክፈት የለም። ያው መልስ ከአሰላ ወደ አዳማ ቁልቁል ስለሚመጡም ተናገረ። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ማርሽ ፈትቶ በፍሬን ብቻ መውረድ የፍሬኑን ዘይት ያፈላዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ይችላል፣ ውሃ ከጠጣ ግን መስፈርቱ 140 ብቻ ነው። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ይወረድ፣ አውቶማቲክ ከሆነ በ2 ወይም በኤል።

በ26ኛው ክሩ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አመለጠ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 ነዳጅ የሚያቃጥሉ መኪኖችን ማስገባት ከከለከለች ወዲህ ጥያቄው ከአዳማ መንገድም መምጣቱ አይቀርም ነበር። ጸሐፊው በአጭሩ መለሰ። ባትሪው የታሸገ ነው፣ ሞተሩም አየር አይስብም፤ ይህ ግን ጎርፍ ውስጥ የመግባት ፈቃድ አይደለም፣ መኪናው እንደማንኛውም ይንሳፈፋል። ነዳጅ መርገጫው ሲለቀቅ የሚይዘውን ፍሬን በእርጥብ መንገድ ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ በአንድ ጊዜ ሲይዝ የሚነዳውን ጎማ ያንሸራትታል። የተለመደው ፍሬን ብዙ ስለማይነካ ዲስኩ ይዝጋል፣ በየጊዜው በእግር ፍሬን መቆም ያስፈልጋል። የባጃጅ ነጂዎችንም በሁለት መስመር አስታወሰ። ሦስቱም ፍሬን ታምቡር ነው፣ ውሃ ካለፈ በኋላ ለጊዜው ፍሬን የለም እንደማለት ነው፤ ከፊት ያለችው አንዲት ጠባብ ጎማ ደግሞ አደባባይ ላይ ዘይት ከረገጠች የሚያግዛት ሌላ ጎማ የለም።

ከዚህ በኋላ የክሩ ባለቤት ተመለሰ። ጋሼን አመስግኖ ጎማውን ወደ 32 እንደመለሰ ጻፈ፤ አንድ ነገር ግን አልለቀቀም። ወደ ወንጂ ገጠር ዋልካ መሬት ሲገባስ? ጋሼ ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ አልጣሉትም። አሸዋና ለስላሳ ደለል ላይ፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ እስከ 20 ፒኤስአይ መቀነስ ይረዳል፤ አስፋልት ከመድረሱ በፊት ግን መልሶ መሙላት ግድ ነው፣ የመሙያ ፓምፕ መኪናው ውስጥ የሌለው ሰው አይቀንስ። ዋልካ ግን ሌላ ነው፤ ጥርሱን ሞልቶ ጎማውን ለስላሳ ኳስ ስለሚያደርገው አየር መቀነሱ ብዙ አይፈይድም፣ እስኪደርቅ መጠበቅ ይሻላል። መጨረሻ ላይ ጋሼ ጥያቄ ጠየቁት፦ ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ለክተሃል ወይ? የቪትዝ ቀጭኗ ስኮርታ 60 ፒኤስአይ ነው የምትፈልገው፣ ከ80 በላይ አትነዳም። በዝናብ የፊት ጎማ ከፈነዳ እሷን ከኋላ አስሮ፣ የኋላውን ደህና ጎማ ወደ ፊት ማምጣት ነው። 6ኛው መልስ ሰጪ እዚህ ላይ ብቅ አለና፣ ደህናው ፊት ይሁን ማለቴ ይኸው አለ። ጋሼም ለቀጭኗ ስኮርታ ብቻ ልክ ነህ አሉት፤ የሚጎትቱትና የሚያዞሩት የፊት ጎማዎች ስለሆኑ እኩል መሆን አለባቸው። 27ኛው መልስ የስኮርታውን ክሪክና የቡሎን ቺያቬውን ከወንበሩ ሥር አውጥቶ ዝገቱን በዘይት መጥረግን አስታወሰ፤ ክሩ እዚያ ላይ ነው የቆመው።